ቀጣሪ የአመልካችን የፌስቡክ ገጽ መመርመር ይችላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ለሂሳብ ሠራተኛነት አመልክቼ የጽሑፍ ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ፣ ከጠያቂዎቹ አንዱ የፌስቡክ ገጼን በስልኩ ከፍቶ በ2013 ዓ.ም. ያጋራሁትን ጽሑፍ አሳየኝና «ይህን ስታጋሪ ምን አስበሽ ነው?» አለኝ። ጽሑፉ በሰሜኑ ጦርነት ለተፈናቀሉ ወገኖች እርዳታ ስለማሰባሰብ የሚናገር ነበር። በማስታወቂያው ላይ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድና ዋስ ተጠይቋል እንጂ ስለዚህ ምርመራ አንድም ቃል አልተጻፈም። ውጤቴን ገና አልሰማሁም። አሠራሩ ሕጋዊ ነው? ገጼንስ ብዘጋው ይሻለኛል?

የሕግ ባለሙያ፦
ድርጅቱ «ራስዎ ለሕዝብ ያወጡት ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ክርክሩም ሙሉ በሙሉ መሠረት የለሽ አይደለም። ሆኖም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የብሔር ማንነትን፣ የፖለቲካ አመለካከትንና የሃይማኖት እምነትን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መካከል ይመድባቸዋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14ም በእነዚህ ምክንያቶች ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። አስቸጋሪው ማስረጃው ነው፤ ብዙውን ጊዜ አመልካቹ ገጹ መታየቱን እንኳ ሳያውቅ ይቀራልና። እርስዎ ግን ፊት ለፊት ተጠይቀዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ቃል በቃል፣ ቀኑንና በቦታው የነበሩትን ሰዎች ሳይረሱ ዛሬውኑ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ካልተቀጠሩም ምክንያቱን በደብዳቤ ይጠይቁ። የዳታ ጥበቃ አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ፦
በዚህ ሙያ የምሠራ ሰው እንደመሆኔ፣ ቀጣሪ ስለሚቀጥረው ሰው ማጣራቱን አልቃወምም፤ ዋስም፣ የፖሊስ አሻራም፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት የሚመጣ ክሊራንስም የምንጠይቀው ለዚሁ ነው። እነዚህን ግን አመልካቹ እያወቀ ራሱ ያቀርባቸዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሰው መሳሳት ነው። እኛ የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም በመሆኑ፣ አንድን የተለመደ ስም ፌስቡክ ላይ ስትፈልጉ ተመሳሳይ ስም ያላቸው በርካታ ገጾች ይደረደራሉ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ያው ስም በሦስትና በአራት ዓይነት አጻጻፍ ይመጣል። የመገለጫው ፎቶ የአበባ ወይም የመልአክ ሥዕል ከሆነ የማን ገጽ እንደሆነ በምን ይለያል? የመልአኩ ሥዕል የሚናገረው የባለቤቱን ሃይማኖት ብቻ ነው፤ ያንን አንዴ ያየ ቀጣሪ ደግሞ እንዳላየ ሊሆን አይችልም። ለሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ገጹን ማየት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ያም ቢሆን አስቀድሞ በማስታወቂያው ተገልጾ፣ በቅጥሩ ላይ በማይወስን ሌላ ሰው ቢታይ ይመረጣል። ለሂሳብ ሠራተኛ ግን ምንም ምክንያት አይታየኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ የምኖርበት የሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 ቀጣሪዎች የአመልካቾችን የማኅበራዊ ሚዲያ የይለፍ ቃል እንዳይጠይቁ በመከልከል ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያው ነው። መነሻው የግዛቱ ማረሚያ ቤት ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ ሲቀርብ የፌስቡክ የይለፍ ቃሉን መጠየቁ ነበር። ሕጉ ለሕዝብ ክፍት የሆነን ገጽ ማየትን አይከለክልም። ነገር ግን ቀጣሪው ምርመራውን ለአጣሪ ኩባንያ ከሰጠ፣ በፌዴራል ሕግ መሠረት አስቀድሞ የአመልካቹን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት፣ በሪፖርቱ ምክንያት ሊያስቀረው ሲያስብም ቅጂውን መስጠት ግዴታው ነው። በእኔ እምነት ለአገራችንም በጣም የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ግዴታ ነው፤ የተከሰሱበትን ነገር ሳያዩ ምላሽ መስጠት አይቻልምና።

እህቴ፣ ገጽዎን መዝጋት አይጠበቅብዎትም። በፌስቡክ ማስተካከያ ውስጥ ቀደም ሲል ለሁሉም ክፍት የነበሩ ጽሑፎችን በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ የሚያደርግ አማራጭ አለ። ያንን ከመንካትዎ በፊት ግን ጠያቂው ያሳየዎትን ጽሑፍ ከነቀኑ ስክሪንሾት አንሥተው ያስቀምጡት፤ አቤቱታ ካቀረቡ ምን እንደነበረ ማሳየት ይኖርብዎታል።