«ጨዋታን ከትንኮሳ እንለይ» ላለው ኃላፊ

ብርቱካን ሻይ፦
ዛሬ ድርጅታችን ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። የሰው ኃይል ኃላፊው ግን ገና ከመጀመሩ «እዚህ ቤት ሁላችንም ቤተሰብ ነን፤ ጨዋታን ከትንኮሳ እንለይ» አለ። ከዚያ በኋላ አንዲት ሴት እጇን አላወጣችም። እኔም አላወጣሁም፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ወንበሯን ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ካስጠጋች ሁለት ወር ሆኗታል። የክፍሉ ኃላፊ «እስቲ ልየው» እያለ ከኋላዋ ይመጣና ኮምፒውተሩን እያየ አንገቷ ላይ እጁን ያሳርፋል። አሁን በግድግዳው በኩል ስላልተመቸው በጎን ይመጣል። ይሄ ነው ጨዋታ?

የጉለሌ ልጅ፦
የሰው ኃይል ኃላፊው ምን አጠፋ? አንገት መንካት ነውር ነው፣ ማንም አይከራከርሽም። ግን «ዛሬ አምሮብሻል» ማለትም ሊያስከስስ ነው። ቢሮ ያለ ጨዋታ አይገፋም። እናቶቻችን ሠርተው ነው ያሳደጉን፤ ትንኮሳ የሚባል ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ነርስ ነኝ፦
ለወንድ ልጅ ስለማይወራ ነው ያልሰማኸው ወንድሜ። እናቴ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። የማታ ፈረቃ ሲያልቅ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ብቻዋን ገብታ አታውቅም። ሦስት ሆነው ይሄዱና አንዷ በር ላይ ትቆማለች፣ ሁለቱ ይቀይራሉ። ያንን የነገረችኝ እኔ ሥራ በጀመርኩ ቀን ነው። እንደ ምክር።

የጉለሌ ልጅ፦
እሱ ለከፋ ነው። እኔ ስለ ጨዋታ ነው የማወራው።

ብርቱካን ሻይ፦
ጨዋታ ከሆነ እሷም ተነስታ የሱን አንገት ትነካው ነበር። ነክታው አታውቅም። እሱስ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲገባ እንዲህ ይጫወታል? እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚቆመው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ጠበቃው፦
ሕጉን ላስቀምጥ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ከነትርጉሙ አስገብቷል። የቀድሞው 377/96 ይህ አልነበረውም። ትንኮሳ የሚባለው በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ሰውን ያለ ፈቃዱ ለወሲብ ለማግባባት መሞከር ነው። ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ከተጨመረበት ወሲባዊ ጥቃት ይሆናል። የኔ ቅሬታ ትርጉሙ መጥበቡ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «እኔ ምንም አልጠየቅኳትም፣ እጄን ብቻ ነው ያሳረፍኩት» ብሎ ሊከራከር ይችላል።

የጉለሌ ልጅ፦
ይኸው! ሕጉም ለይቶታል። ኃላፊው ያለውም ይሄንኑ ነው።

ጠበቃው፦
ጉድለቱን ነው የተናገርኩት፣ መውጫ ቀዳዳ እያሳየሁህ አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ የሸሸችን ልጅ በጎን የሚከተል ሰው ምን እየፈለገ እንደሆነ ዳኛ ይገባዋል። ደግሞ ትርጉሙ «ሴት» አይልም። ወንድም ተበዳይ ሊሆን ይችላል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር ትልልቅ ሰዎች ጠርተው ይመክሩት ነበር። የልጅቱም ስም አይነሳም። ክስ ቤት ያፈርሳል። ለምን በሽምግልና አይያዝም?

ነርስ ነኝ፦
ጋሽዬ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው? የሱ የዕድሜ እኩዮች። እኛም ጋ ተሞክሯል። «ይቅር በይው፣ ልጆች አሉት» ተብሎ ልጅቷ የሐኪሙን እጅ ጨበጠች። በሳምንቱ ለብቻዋ የማታ ተራ ከሱ ጋር መደቧት።

ጠበቃው፦
መምህር፣ ሽምግልናው ሌላም ጣጣ አለው። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ አጥፊውን ያለ ማስጠንቀቂያ ካላሰናበተ፣ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። «ረጋ ብለን እንየው» እየተባለ ሁለት ወር ይሄዳል። ከዚያ «ጊዜው አልፏል» ይባላል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ይህን አላውቅም ነበር። ቢሆንም ምክር መቅደም አለበት እላለሁ።

ካሳንቺስ ካፌ፦
እናንተ ቢሮ ስላላችሁ ነው አንገት፣ ወንበር የምትሉት። እኔ አስተናጋጅ ነኝ። እዚህ አገር ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንኳን የለንም፤ የምኖረው በቲፕ ነው። ደንበኛው ሂሳብ ሲከፍል መቶ ብሯን ይዞ አይለቅም፣ እኔ ስስባት እጄን አብሮ ይይዛል። ለባለቤቱ ስነግረው «ፈገግ በይለት፣ ቋሚ ደንበኛ ነው» አለኝ። ጠበቃው፣ አዋጁ ስለ ደንበኛ ምን ይላል?

ጠበቃው፦
አዋጁ ፊት ለፊት የሚያነሳው አሠሪውን፣ የሥራ መሪውንና የሥራ ባልደረባን ነው። ደንበኛን በስም አላነሳም። የሚያሳዝነኝ ነው።

ኮልፌ 18፦
አለባበስስ? ማንም አላነሳውም። ሴቶቹም ትንሽ ማሰብ አለባቸው።

ካሳንቺስ ካፌ፦
የምለብሰው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ድርጅቱ የሰጠኝ ዩኒፎርም ነው። ሌላ ጥያቄ አለህ?

ኮልፌ 18፦
እኔ በጥቅሉ ነው ያልኩት።

ነርስ ነኝ፦
የኔ ደግሞ ነጭ ጋውን ነው። በጥቅሉ አትናገር።

ቤይሩት ነበርኩ፦
ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ፓስፖርቴ እመቤቲቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ልጇ ማታ ማታ የክፍሌን በር ይገፋል፤ በሩ ቁልፍ አልነበረውም። ጋዝ ሲሊንደሩን ከወጥ ቤት አምጥቼ ከበሩ ኋላ እደግፈው ነበር። አገሬ ስገባ የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ እንደማይሸፈን ሰማሁ። እውነት ነው?

ጠበቃው፦
እውነት ነው እህቴ። የቤት ሠራተኛ ጉዳይ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ተብሎ ነው ከአዋጁ የወጣው። የወንጀል ሕጉ ግን አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 በአሠሪነቱ ወይም በአለቃነቱ ተጠቅሞ ሴትን ለወሲብ ድርጊት ያዋለን በቀላል እስራት ይቀጣል። ግን አቤቱታ ካልቀረበ አይንቀሳቀስም።

የጉለሌ ልጅ፦
አሁን ቤይሩት ደረስን። ርዕሱ የቢሮ ጨዋታ ነበር። ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ለምን ዝም አለች? እሱን የሚመልስልኝ አጣሁ።

ብርቱካን ሻይ፦
እኔ ልመልስልህ። የወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትከፍለው እሷ ናት። የዓመት ፈቃዷን የሚፈርመው፣ የሥራ አፈጻጸሟን የሚሞላው እሱ ነው። ባለፈው ግማሽ ዓመት «ከሰው ጋር የመግባባት ችሎታ» በሚለው መስመር ላይ 2 ሰጣት። ከ5። ሁሉንም ቅጽ አይቻለሁ፣ በሌላው መስመር 4 እና 5 ነው ያላት። ዝም ያላለችው ወንበሯን ያስጠጋች ቀን ነው። አይቶታል፣ ገብቶታል፣ በጎን መጣ።

የጉለሌ ልጅ፦
ይሄ ከሆነ ጥሩ አይደለም። ግን ሁሉም ወንድ እሱ አይደለም። እኔ አብረውኝ ከሚሠሩ ሴቶች ጋር ስንስቅ ነው የምንውለው።

ነርስ ነኝ፦
አንዴ ጠይቃቸው። ሌላ ሰው በሌለበት።

የጉለሌ ልጅ፦
ምን ብዬ? «ትንኮሳ ይሰማችኋል ወይ» ብዬ?

ነርስ ነኝ፦
«የምናገረው ደስ የማይልሽ ነገር አለ?» በላቸው። ከዚያ ዝም ብለህ ስማ።

ጠበቃው፦
ብርቱካን፣ ቀኑን ቆጥራችኋል? አለቃው ወይም አሠሪው የተነኮሳት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅና የቀን ደመወዟን 90 እጥፍ ካሳ መጠየቅ ትችላለች። ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ነው።

ብርቱካን ሻይ፦
ለመጨረሻ ጊዜ ከነካት ዛሬ 11ኛው የሥራ ቀን ነው። እሷ ግን መልቀቅ አትፈልግም። ለምን እሷ ትወጣለች? የሦስት ወር ደመወዝ አልቆ አራተኛው ወር ይመጣል። እሱ እዚያው ነው።

ጠበቃው፦
ትክክል ነሽ። እንዳትለቅ ከፈለገች ቢያንስ አቤቱታውን በጽሑፍ ታስገባ። ያን ጊዜ «አላወቅንም» ማለት አይችሉም። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን እንደነበረ። የ2 ነጥቧንም ቅጽ ታያይዝ።

ኮልፌ 18፦
መዝገብ ቤት ስታስገባ ወሬው በአንድ ሰዓት ቢሮውን ይሞላዋል።

ብርቱካን ሻይ፦
የመዝገብ ቤቱ ተጠሪነት ለዚያው የክፍል ኃላፊ ነው። ቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ጋ ነው የምንገባው። ሁለት ኮፒ አትመናል፤ አንዱ ላይ «ደርሶናል» ብላ እንድትፈርም። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። እኔም በምስክርነት ስሜን ጽፌያለሁ።