«በሁለት ቀን ይለመዳል» ላላችሁን

የመዝገብ ቤቷ፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ አንድ ልጅ «በፈረንጆቹ 2007 ማይክሮሶፍት የኦፊስን ሜኑ አንስቶ ሪበን (ከላይ በምልክት የተደረደረውን የትእዛዝ ሰሌዳ) ሲያመጣ የጮኹት ናቸው ዛሬም ለአዲሱ አውትሉክ፣ ለኢሜይል ፕሮግራሙ፣ የሚጮኹት፤ ተዉአቸው፣ በሁለት ቀን ይለመዳል» ብሎ ጻፈ። ሌሊቱን ሳብሰለስለው አደርኩ። እኔ ከጮኹት አንዷ ነኝ። ያኔ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ዎርድ 2003ን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሠራበት። የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ሰኞ ጠዋት ቀይሮት ጠበቀኝ። የነገረን የለም፣ ያሠለጠነን የለም። ኃላፊዬ አጠገቤ ቆመው «ደብዳቤውን ፕሪንት አድርጊው እንጂ» ይሉኛል፣ እኔ «ፋይል» የሚለውን ፈልጌ አጣሁ። ግራ ጥግ ላይ ያለችው ክብ ምልክት ጌጥ ነበር የመሰለችኝ። እጄ ላይ የነበረ ሙያ በአንድ ሌሊት ጠፋብኝ። ሁለት ወር ነው የፈጀብኝ እንጂ ሁለት ቀን አይደለም።

የአይቲ ልጅ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ እትዬ። የደረሰብዎት ያሳዝናል፣ ግን ጥፋቱ የመሥሪያ ቤትዎ ነው እንጂ የሪበኑ አይደለም። ሪበኑን በዘፈቀደ አላመጡትም። ፈቃደኛ የሆኑ ተጠቃሚዎች ምን እንደሚጫኑ ቆጥረው ነው የሠሩት። ዎርድ 2003 ላይ ፔስት ብቻውን ከሁሉም ትእዛዝ ከ11 በመቶ በላይ ነበር። ሰው ጨምሩልን እያለ የሚጠይቃቸው ብዙዎቹ ነገሮች ደግሞ እዚያው ውስጥ ነበሩ፤ ሜኑ ስር ተቀብረው የሚያያቸው ስላልነበረ እንጂ። ይሄ መስተካከል የለበትም? ቃሌን አላጥፍም፤ በሁለት ቀን ይለመዳል።

ባለኤክሴሉ፦
እሺ፣ እንግዲህ ይሄንን ቃል እንያዘው። እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ። ፔስት ስፔሻል (ከቀዳሁት ቁጥሩን ብቻ መለጠፍ) ስፈልግ አልት፣ ከዚያ ኢ፣ ኤስ፣ ቪ እጫናለሁ። ይህ የ2003 ሜኑ መንገድ ነው። ሜኑው ከጠፋ ስንት ዓመቱ፣ ቁልፉ ግን ዛሬም ይሠራል። ለምን ተዉት? ጣት የለመደውን በሁለት ቀን እንደማይረሳ ስለሚያውቁ ነው። ሠሪዎቹ የገባቸው ነገር አንተን እንዴት አልገባህም?

የአይቲ ልጅ፦
ራስህ መለስክልኝ እኮ። ቁልፉ ካልጠፋብህ ምን ጎደለብህ? በዚያ ላይ በ2003 ኤክሴል አንድ ሺት 65,536 ረድፍ ብቻ ነበረው፤ 2007 ላይ 1,048,576 ሆነ። የዓመቱን ሂሳብ በአንድ ሺት የምትሠራው በማን ምክንያት ነው?

ባለኤክሴሉ፦
ረድፉንማ ወድጄዋለሁ። ረድፍ ለመጨመር ግን ሜኑ ማንሳት ግድ አይደለም፤ ሁለቱን አታደባልቅብኝ።

የመዝገብ ቤቷ፦
ልጄ፣ «ፋይል» የሚለውን ቃል 2010 ላይ መልሰው አመጡት አይደል? ክቧን ምልክት አንስተው ማለቴ ነው። በሁለት ቀን የሚለመድ ከነበረ ለምን መለሱት?

የአይቲ ልጅ፦
ተጠቃሚ ሰምተው አረሙ፣ ይሄ ደግሞ ያስመሰግናቸዋል።

የመዝገብ ቤቷ፦
እኔም ያልኩት እሱን ነው። የጮኸ ሰው ስለነበረ ሰሙ። አንተ ግን «ተዉአቸው» ነው ያልከው።

ኮፒ ቤት ያለኝ፦
ስለ ሪበን ብቻ ታወራላችሁ፣ እኛን ያቃጠለን ዶክኤክስ ነው፣ ከ2007 ጋር የመጣው አዲሱ የዎርድ ፋይል ፎርማት። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ በአዲሱ ሠርቶት የእኔ 2003 አይከፍተውም። ማስከፈቻውን ዳውንሎድ አድርጉ ይባላል፣ በዚያን ጊዜ ኔትወርክ! ሰልፉ በር ድረስ ነው፣ ሰውየው ማመልከቻውን ከ11 ሰዓት በፊት ማስገባት አለበት። «ይለመዳል» ልበለው? በአሮጌው ፎርማት ሴቭ አድርጋችሁ አምጡ ብዬ በሩ ላይ ለጥፌ ነው የተገላገልኩት።

ሊብሬ ተጠቃሚ፦
እኔ የምለው፣ ለምን ምርጫ አይሰጡም? ሊብሬ ኦፊስ በሚባለው ሌላ የቢሮ ፕሮግራም ላይ የድሮውን ሜኑም ሪበን የሚመስለውንም ታገኛላችሁ፤ ቪው ውስጥ ገብታችሁ የፈለጋችሁትን መምረጥ ነው። በነፃ ነው፣ ክራክ ፍለጋም የለም። አዲሱ አውትሉክ ላይ እንኳ ወደ ድሮው የሚመልስ ማብሪያ ማጥፊያ ከላይ አድርገዋል። በ2007 እንደዚያ ቢያደርጉ ኖሮ እትዬ ባላላባቸው ነበር።

ባለኤክሴሉ፦
ሊብሬህን ሞክሬዋለሁ። የድርጅታችን ደብዳቤ ሎጎው አንድ ገጽ ላይ፣ ፊርማው ሌላ ገጽ ላይ ሆነብኝ።

ሊብሬ ተጠቃሚ፦
ፎንቱ ስላልተጫነ ይሆናላ! ፎንቱን ጫንና ድገመው። ሳታጣራ ስሙን አታጥፋ።

ኮፒ ቤት ያለኝ፦
ፎንት ካነሳችሁ፣ ዋናው መከራችን እሱ ነበር። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፓወር ግዕዝ የተጻፈውን ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው አንዲት የአማርኛ ፊደል አታገኝም፣ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ብሎ ይመጣል። የሰው ውል፣ የሰው ውክልና ነው እንደዚያ የሚሆነው።

የአይቲ ልጅ፦
ይኸው! የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ፣ ፎንት መጫን ቀረ። ሰው ግን «የለመድኩት ይሻለኛል» ብሎ ስንት ዓመት በድሮው ጻፈ? አዲስ ነገር ሁሉ ጠላት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ኮፒ ቤት ያለኝ፦
የድሮውን ኪቦርድ የለመደች ታይፒስት በቀን ስንት ገጽ እንደምታወጣ ታውቃለህ? በገጽ ነው የምትከፈለው። ዩኒኮድ ይሻላል፣ አልካድኩም። ግን የምትለምድበትን ሳምንት ማን ይከፍላታል? አንተ ደሞዝተኛ ነህ፣ ስትማርም ይከፈልሃል።

የአይቲ ልጅ፦
አሁን ደግሞ ወደ ደሞዜ ገባችሁ?

የመዝገብ ቤቷ፦
ወደ ደሞዝህ አልገባንም። እኔ የምፈልገው ያቺን «ሁለት ቀን» እንድታነሳልኝ ብቻ ነው።

የአይቲ ልጅ፦
አላነሳም እትዬ። ከፈለጉ ቢሮዎ መጥቼ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ አሳይዎታለሁ፣ በሁለት ቀን ካልለመዱት ያኔ አነሳለሁ።

የመዝገብ ቤቷ፦
አሁንማ ለመድኩት! ያኔ ነበር አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው የጠፋው።

ሊብሬ ተጠቃሚ፦
ባለኤክሴሉ፣ ፎንቱን ጫንከው?