«ለዕድሜዋ የሚመጥን» የሚባለው ልብስ የታለ?

የበኩሯ እናት፦
ትናንት እዚሁ የተጻፈ ነገር አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «የ11 ዓመት ልጅ የትልቅ ሴት ቀሚስ ለብሳ ሠርግ ላይ ከታየች ጥፋቱ የእናቷ ነው። ለዕድሜዋ የሚመጥን መግዛት ምን ይከብዳል?» ይላል። ምን እንደሚከብድ ልንገራችሁ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ 156 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። የአክስቷ ሠርግ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞርን። የልጆች ክፍል ስንገባ ያለው ሪባን፣ የተነፋ እጅጌና የሚያብለጨልጭ ነገር ብቻ ነው። የእሷ ቁጥር የለም። ካለም ወገቡ ብብቷ ሥር ይቀራል። የትልልቆቹ ክፍል ስንሄድ ደግሞ ደረቱ የወረደ፣ ጎኑ እስከ ጭን የተቀደደ ነው። በመጨረሻው ቀን መለኪያ ክፍል ውስጥ የቀሚሱን ጫፍ በሁለት እጇ ወደ ታች እየጎተተች «እማ፣ ችግሩ እኔ ነኝ?» አለችኝ። ይህን የሰማች እናት ላይ ጣት መቀሰር ደግ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሌን አላጥፍም። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ሳስተምር ኖሬያለሁ። ሠርግ ላይ የማየው ያሳዝነኛል። ገና ገመድ የምትዘል ልጅ ታኮ ጫማ ተጫምታ፣ ጠባብ ቀሚስ ለብሳ፣ ወንበር ላይ ተገትራ ታመሻለች። እኩዮቿ ሲሯሯጡ እሷ መነሳት አትችልም። እኔ ያልኩት ቀላል ነው፦ እጅጌ ያለው፣ ጉልበት የሚሸፍን፣ ለዕድሜዋ የሚመጥን። እናት ካልገዛችው ልጅቷ አትለብሰውም።

የበኩሯ እናት፦
እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው። የታለ? ነው ጥያቄዬ።

ልብስ ሰፊዋ፦
መምህር፣ በአክብሮት ልናገር። «ለዕድሜዋ» የሚለው ቃል ነው ሰውን የሚያሳስተው። የልጆች ልብስ ላይ ዕድሜ ይጻፍ እንጂ የሚሰፋው በቁመት ነው። በብዙ አገር ቁጥሩ ራሱ ሴንቲ ሜትር ነው። 140፣ 146፣ 152፣ 158 እያለ በስድስት በስድስት ይሄዳል። 158 የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለ12 እና ለ13 ዓመት ተብሎ ይሸጣል። የእህታችን ልጅ 11 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ግን እዚያ ደርሷል። «ለዕድሜዋ» ብላ ብትገዛ ይጠባታል። የባሰው ሌላ ነው። የልጅ ልብስ ሲቆረጥ ደረትና ወገብ እኩል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የትልቅ ሴት ልብስ ደግሞ ለሞላ ደረትና ዳሌ ነው የሚቆረጠው። በመሃል ያለችው ልጅ ከሁለቱም አይደለችም። ልጅቷም እናቷም ጥፋት የለባቸውም።

ነርሷ፦
ልብስ ሰፊዋ እውነቷን ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ የ11 ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛ ቁመት 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግን 132ም ሆነች 158 ጤነኛ ናት። በሁለት እኩዮች መሃል 26 ሴንቲ ሜትር! የሴት ልጅ ሰውነት መለወጥ የሚጀምረውም ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አንዷ ጀምራ አንዷ ገና ልትሆን ትችላለች። ታዲያ የሁለቱም ዕድሜ 11 ነው። የትኛዋን ነው የሚመጥነው?

ጡረተኛው መምህር፦
ነገር አታዙሩብኝ። እኔ ስለ ሴንቲ ሜትር አልተናገርኩም። ስለ ጨዋነት ነው የተናገርኩት።

የበኩሯ እናት፦
ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ምን ይከብዳል?» ነው ያሉት። የሚከብደው ሲነገርዎት «ስለ ጨዋነት ነው» አሉ። የኔ ልጅ ጨዋ አይደለችም ማለትዎ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦
እንዲህ አላልኩም፤ አልልምም። ልጅሽን እግዜር ያሳድጋት። የአንቺን ልጅ አይደለም ያየሁት።

የሴት ልጅ አባት፦
እኔ ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው። 12 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ እኔም እንደ መምህር ነበር የማስበው። ገብቼ «ለ12 ዓመት ልጅ የሠርግ ቀሚስ» አልኩ፤ የተሰጠኝን ገዝቼ መጣሁ። ልጄ አየችውና ዝም አለች። በኋላ ስጠይቃት «አባዬ፣ ሱሪና ሸሚዝ ብለብስ ይከፋሃል?» አለችኝ። ቀሚሱን መለስኩት። ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ፣ ከላይ ለስለስ ያለ ክሬም ሸሚዝ ገዛን። ሠርጉን ሙሉ ስትጨፍር አመሸች። ብንጠይቃቸውስ?

የሙሽራ አክስት፦
ወንድሜ፣ ብቻህን ማሳደግህን አደንቃለሁ። ግን ሱሪ ለሠርግ? የሙሽራ ቤተሰብ ስንት ለፍቶ፣ ስንት አምሮ ይጠብቃል። እድምተኛም በበኩሉ አክብሮ መምጣት አለበት። ልጅ የፈለገችውን ሁሉ ካደረግንላት ነገ በቤት ልብስ ልምጣ ትላለች።

የሴት ልጅ አባት፦
አክብራ ነው የመጣችው። ሱሪው በልኳ የተሰፋ፣ የተተኮሰ ነበር። ከቤት ልብስ ጋር ምን አገናኘው? እኔ ቀሚስ አይለበስ አላልኩም። ልጅቷ ትጠየቅ ነው ያልኩት።

የሙሽራ አክስት፦
«ትጠየቅ» ትላለህ። የ12 ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች? ብትጠይቃት የኔ እህት ልጅ እኮ ታኮ ነው የምትለው።

ነርሷ፦
ታኮውን ለኔ ተዉልኝ። በዚህ ዕድሜ የእግር አጥንት ገና እያደገ ነው። ታኮ የሰውነትን ክብደት ወደ ጣቶቿ ይገፋዋል። ቁርጭምጭሚት ደግሞ ይታጠፋል፤ በተለይ ስትሮጥ። ልጅ ደግሞ ሠርግ ላይ መሮጧ አይቀርም። ጠፍጣፋ፣ በማሰሪያ የሚያዝ ጫማ ይበቃታል። አዲስ ከሆነ ከሠርጉ በፊት ጥቂት ቀን ቤት ውስጥ ትራመድበት። በዚህ ብቻ ከመምህር ጋር ነኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
እግዜር ይስጥሽ ልጄ። አንድ እንኳ ተገኘ።

ታላቅ እህት፦
እኔ አሁን 23 ዓመቴ ነው። ስለዚህ ነገር ዝም ማለት አልቻልኩም። በ12 ዓመቴ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ቀጭን ማንጠልጠያ ያለው ሳቲን ቀሚስ አለበሱኝ። ሁሉም «እንዴት አምሮባታል» ይል ነበር። ማንጠልጠያው ግን ከትከሻዬ ይወርዳል። ጎን ላይ ያለው ዚፕ ብብቴን ይከረክረኛል። ማታ ሳወልቀው ከብብቴ እስከ ጎድኔ ቀይ መስመር ሠርቶ ነበር። የዚያን ቀን ፎቶዎች አሁንም እናቴ ዘንድ አሉ። በሁሉም ላይ ቀኝ እጄ ግራ ትከሻዬ ላይ ነው። በሁሉም! ሰው ሲያየው «ምን እያሰብሽ ነበር?» ይለኛል። ማንጠልጠያዬን ይዤ ነበር። አልጨፈርኩም። ምግብ ያነሳሁትም ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

የበኩሯ እናት፦
እህቴ፣ አስለቀስሽኝ። ልጄ ቀሚሱን በሁለት እጇ ስትጎትት ያየሁት ይሄንኑ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ይኸው! እኔ ያልኩት ይህንኑ አይደለም?

ታላቅ እህት፦
አይደለም፣ መምህር። እርስዎ ያሉት ጥፋቱ የእናት ነው ነበር። እናቴ ባላት ገንዘብ፣ በአንድ ከሰዓት፣ ሱቅ ውስጥ ካገኘችው የተሻለውን ነው የገዛችልኝ። ዛሬም አልወቅሳትም። የምቆጨው ማንም «ይመችሻል?» ብሎ ስላልጠየቀኝ ነው። ሁሉም «ያምራል» አለ እንጂ።

አዲሷ ሙሽራ፦
እኔ የዛሬ ስድስት ወር ነው ያገባሁት። ከሙሽራ ወገን ልናገር። ልጅ ሱሪ ትልበስ ቀሚስ፣ ግድ የለኝም። ግን አደራ፣ ነጭ ብቻ አይሁን። የኔ ሠርግ ላይ የባለቤቴ ዘመድ ልጅ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሳ መጣች። ፎቶው ላይ ትንሽ ሙሽራ መሰለች። ቅር ብሎኛል።

የታሪክ ተማሪ፦
ነጭ የሙሽራ ብቻ ነው የሚባለው ነገር በየቦታው ሕግ አይደለም። በአውሮፓ ራሱ የተስፋፋው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 እ.ኤ.አ. ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሙሽሮች ያላቸውን ምርጥ ልብስ ነበር የሚለብሱት፣ ቀለሙ ምንም ይሁን። ለአንዲት ልጅ ቀሚስ መቀየም አይገባም።

አዲሷ ሙሽራ፦
ወንድሜ፣ ሠርጉ የኔ ነበር። ስለ ንግሥቲቱ አልጠየቅኩህም። ልጅቷን አልተቀየምኩም፤ ያለበሷትን ነው።

የሙሽራ አክስት፦
እሱን ተናገሪ! ደውሎ «ነጭ ይሆናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

የታሪክ ተማሪ፦
መጠየቁ ጥሩ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን አሁንም «ያለበሷት» ብላችሁ ወደ እናት ተመለሳችሁ።

የሴት ልጅ አባት፦
አባትም ያለብሳል። ለምንድነው ሁሌ እናት የምትጠራው? ከላይ ጀምሮ አንብቡት። አንድም ሰው «ጥፋቱ የአባቷ ነው» አላለም።

የበኩሯ እናት፦
ይህን አንተ ስላልከው ደስ አለኝ። እኔ ብለው ኖሮ ነገር ፈላጊ እባል ነበር።

ቆጣቢዋ፦
ሁላችሁም ገንዘቡን ዘለላችሁት። ልጅ በዚህ ዕድሜ እንደ ሸምበቆ ነው የምትመዘዘው። ለአንድ ቀን ተብሎ ውድ ልብስ መግዛት ምን ይሉታል? ከአክስት ልጅ ተውሳ ትልበስ። እኔ ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ። አንድ ቀሚስ ሦስቱንም አዳርሷል።

ታላቅ እህት፦
ትንሿን ጠይቀሻታል? እኔ ሁለተኛ ልጅ ነኝ። የሌላ ሰው ልብስ መልበስ ነውር አይደለም። ግን በልክ ካልተስተካከለ ሰው የሚያየው የሌላ ሰው መሆኑን ነው።

ቆጣቢዋ፦
ልጆቼ አላጉረመረሙም። ኑሮን አይተው ነው ያደጉት። በቁስል ላይ እንጨት አትስደጂ።

ታላቅ እህት፦
ይቅርታ እህቴ፣ አንቺን ለመንካት አይደለም።

ልብስ ሰፊዋ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። መዋስ ይቻላል፤ ግን ወደ ልብስ ሰፊ አምጡት። ለበኩሯ እናት የምመክረው ይኼ ነው። ሙሉ ቀሚስ መፈለጉን ተዪው። ከላይና ከታች የተለያየ ግዢ። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ጉርድ ቀሚስ፣ ከላይ ደግሞ እጅጌ ያለው ሸሚዝ። ላይኛዋ በአንድ ቁጥር፣ ታችኛዋ በሌላ ቁጥር ልትሆን ትችላለች፤ ምንም አይደለም። ሙሉ ቀሚስ ካማራት ደግሞ ሰውነቷ ሰፋ ባለበት ለክተሽ ግዢና የቀረውን እናጠበዋለን። የሰፋ ይጠባል፤ የጠበበ ግን ትርፍ ጨርቅ ውስጡ ከሌለ አይሰፋም። ጫፉን ስናጥፍ ስድስት ሴንቲ ሜትር ውስጥ እንተዋለን። ዕድገቷ በሚፋጠንበት ዓመት ስምንት ሴንቲ ሜትር ገደማ ልትመዘዝ ትችላለች፤ ያኔ እንለቀዋለን። ገበሩ ጥጥ ይሁን። ፖሊስተር ላብ አይመጥም። ብብት ሥር የሚያብለጨልጭ ነገር የተሰፋበትን አትግዢ፤ ክንዷን ሲፍቃት ይውላል። ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ አስቀምጫት። እጇን ወደ ላይ ታንሳ። ትዝለል። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ትሰር። እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች መስታወት ፊት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ቆሞማ ሁሉም ልብስ ያምራል።

የበኩሯ እናት፦
ይህን ከሦስት ቅዳሜ በፊት ብትነግሪኝ ምናለ!

የሙሽራ አክስት፦
ጉርድና ሸሚዝ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አይመስልም?

ልብስ ሰፊዋ፦
ጨርቁ ነው የሚወስነው። ሳቲን ጉርድ ወይም ገበር ያለው ቺፎን ማንም ዩኒፎርም አይለውም።

ጡረተኛው መምህር፦
እኔም ከዚህ አልወጣሁም። እጅጌ፣ ጉልበት፣ ጠፍጣፋ ጫማ። ለዕድሜዋ የሚመጥን ማለት ይኸው ነው።

ነርሷ፦
አሁንም «ለዕድሜዋ»! «ለልጅቷ የሚመጥን» ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጅ ዕድሜ የላትም እንዴ? ሁሉን ለልጅቷ ከተውነው ወላጅ ምን ይሠራል? እኔ ወላጅ ይወስን ባይ ነኝ፤ እስከ መጨረሻው።

የሴት ልጅ አባት፦
እኔም ወሰንኩ እኮ። እንድትመርጥ ወሰንኩ።

የሙሽራ አክስት፦
ይህን ውሳኔ አልለውም።

የበኩሯ እናት፦
ልጄን አሁን ጠራኋትና ከታላቅ እህት ጀምሮ ያለውን አስነበብኳት። «እጇ ትከሻዋ ላይ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያ የራሷን ሐሳብ ነገረችኝ። ውሃ ሰማያዊ ጉርድ፣ ኪስ ያለው። ኪሱን ሦስቴ ነው የደጋገመችው። ነገ ወደ ልብስ ሰፊ እንሄዳለን። የአክስቷንም ሐሳብ ጠይቄያለሁ፤ ቀለሙን ወዳዋለች።

ጡረተኛው መምህር፦
ደስ ይላል። ጉልበቷን ይሸፍናል?

ልብስ ሰፊዋ፦
ስትቆም ነው ወይስ ስትቀመጥ?