የፈረንጅ ዋጋ ይቅር ወይስ ይቆይ?

የከዚራዋ፦
አቦ ሰላም ናችሁ? ባለፈው ሳምንት ለሥራ በባቡር ጅቡቲ ወርጄ ነበር። ሥራው በአንድ ቀን አለቀና ሁለተኛው ቀን የራሴ ሆነ። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ምኒልክ አደባባይን ዞርኩ። ምሳ የየመን ዓሣ በላሁ። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ በርበሬ ይቀባል፣ ከሸክላ ምድጃ ጠርዙ አርሮ ይወጣል። ወረቀት ላይ ዘርግተው ነው የሚሰጡሽ። ቂጣው ደግሞ እንደ ነጠላ ሰፊ ነው።

ጣቴን እየላስኩ ገበያ ገባሁ። አንድ ሻሽ ወደድኩ። በአማርኛ ለጓደኛዬ "ታምራለች አይደል?" ስል ነጋዴው ሰማኝ። 3000 ፍራንክ አለኝ፤ ከፈልኩ። ከኋላዬ የመጣች የአገሩ ልጅ ያንኑ ሻሽ በ1500 ይዛ ሄደች! ፍራንካቸው እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንዱ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን። ስለዚህ ሒሳቡ አያስቸግርም፤ 8 ዶላር ከምናምን ተበላሁ።

ያኔ ሐረር ላይ ስፌት ታቅፈው ፀሐይ ላይ ሲደራደሩ የምንስቅባቸው ፈረንጆች ትዝ አሉኝ። ጥያቄዬ ይኸው፦ ጁገል፣ ማለትም የሐረር ግንብ ውስጥ፣ ለፈረንጅ ሌላ ዋጋ መጥራት ይቅር ወይስ ይቆይ? እኔ "ይቅር" ባይ ነኝ። (ምሕረት አይደለም፣ ዋጋው ይቅር ማለቴ ነው።)

ባለሱቁ፦
እህቴ፣ ሐረር መኪና ግርግር ሰፈር ጨርቅ እሸጣለሁ። እኛ ጋ ዋጋ ከመቼ ወዲህ ነው የተጻፈው? ለፈረንጅ ብቻ መሰለሽ? ለአዲስ አበባ ሰው ሌላ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ለሰቀለ ደግሞ ሌላ። ፈረንጁ ሻይ ይጠጣል፣ ጨርቁን ሁሉ ከመደርደሪያ ያስወርዳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ "እመለሳለሁ" ብሎ ይወጣል። እስካሁን የተመለሰ አላየሁም። የዚያን ሁሉ ሰዓት ማን ይክፈለኝ?

የደቻቱ ልጅ፦
ዋሪያ፣ ሻሹን ተዉትና ዓሣው ስንት ነበር?

አስጎብኚ ነኝ፦
እውነቱን ልናገር። ዋጋውን የሚሰቅለው ባለሱቁ ብቻ አይደለም፣ እኔም አለሁበት። እንግዳ ይዤ ስገባ ኮሚሽኔ አብሮ ይገባል። ፈረስ መጋላ፣ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት፣ የራስ ተፈሪ ቤት፣ ከዚያ ግዢ፣ ማታ ጅብ ሲበላ ማየት። የሚገርመኝ፣ ለጅቡ ከአገሬው በላይ ከፍሎ ማንም አያኮርፍም፤ ገና ከሆቴል ሳንወጣ ነግሬዋለሁ። ስፌቱ ላይ ግን ጎረቤቱ በግማሽ መግዛቱን ከሰማ ሁለት ቀን አያናግረኝም።

መምህሩ፦
መንግሥትስ? ብዙ ሙዚየም በር ላይ ለኢትዮጵያዊ ይህን ያህል፣ ለውጭ ዜጋ ይህን ያህል ተብሎ ተጽፏል። ላሊበላም የውጭ ዜጋ በዶላር ነው የሚጠየቀው። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እስከዚያ ጠብቆ ያቆየው የአገሩ ሰው ነው። ከሩቅ የመጣ ትንሽ ቢጨምር ምን ይለዋል? ዋጋው ተጽፎ ይለጠፍ እንጂ እኔ "ይቆይ" ነኝ።

የጌይ ልጅ፦
እናንተ ፈረንጅ የምትሉት ማንን ነው? የአክስቴ ልጅ ቶሮንቶ ነው የተወለደችው። ፓስፖርቷ የካናዳ ነው፤ ጌይ ሲናን፣ የሐረሪውን ቋንቋ፣ ግን ከኔ አጥርታ ትናገራለች። አምና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስፌት ልንገዛ አንድ ቤት ገባን። ሴትየዋ ጂንሷን አይተው በእንግሊዝኛ ዋጋ ጠሩላት። እሷ በጌይ ሲናን መለሰች። ሴትየዋ ሳቁ፣ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉ፣ ቡና መጣ፣ ዋጋው በግማሽ ወረደ። በማግስቱ ሙዚየም በር ላይ ደግሞ ፓስፖርት አምጪ ተባለችና እንደ ውጭ ዜጋ ከፈለች። ማነው የተሳሳተው?

ግን ሌላ ነገር ልጨምር። ያን ስፌት ይዘን ስንወጣ እሷ ደስ አላት፣ እኔ አፈርኩ። እናቴ ስትሰፋ ነው ያደግኩት። ትልቁ ስፌት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ጣቷ በወስፌ ይበሳል፣ ቀለሙ አንድ ስንጥር ከሳተ ትፈታዋለች። ለኛ የሚጠራው ዋጋ በቀን ቢካፈል የሻይ አይሆንም። ልኩ የፈረንጁ ነበር ማለት ነው። የተበላችው ሴትየዋ ናት፣ የበላነውም እኛ።

አስጎብኚ ነኝ፦
እሱስ ልክ ነህ። ግን ከፈረንጁ ዋጋ ላይ ለሰፊዋ የሚደርሰውን ብነግርህ የባሰ ታፍራለህ።

የከዚራዋ፦
እሺ፣ በስፌቱ ተሸነፍኩ። በሻሹ ግን ወላሂ አልሸነፍም! የፋብሪካ ዕቃ ነው፣ የማንም ጣት አልተወጋበትም። (የደቻቱ ልጅ፣ ዓሣው ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።) ባለሱቁ፣ ለመሆኑ አንተ ጋ እንደዚያ ያለ ሻሽ ስንት ነው?

ባለሱቁ፦
ለማን?