የፊልም ምሽት ዕቅድ፦ «ሰንሴት ቡለቫርድ»ን እናሳይ?

ሰብሳቢ፦ ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ለሚቀጥለው የማኅበራችን የፊልም ምሽት «ሰንሴት ቡለቫርድ» ይሁን እላለሁ። ቢሊ ዋይልደር በ1950 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ሲቀር አብራ የተረሳች ኖርማ የምትባል ኮከብ አለች፤ ዕዳ ያስጨነቀው የፊልም ጸሐፊ ቤቷ ይገባል። ሆሊውድ ስለ ራሱ እንዲህ ደፍሮ ሲናገር ብዙ አላየሁም። ደግሞ የራሳችን ከተማ የሎስ አንጀለስ ፊልም ነው። እኛ የምንሰበሰበው ፌርፋክስ፣ ፊልሙ ላይ የምናየው ትልቁ ቤት የነበረው ዊልሸር ጎዳና ላይ። ቤቱ በ1957 እ.ኤ.አ. ፈርሷል።

ገንዘብ ያዥ፦ ደስ ይለኛል። ግን ሰው ሰብስቦ ለማሳየት ፈቃድ ያስፈልጋል። ዲቪዲውን መግዛታችን አይበቃም፣ መግቢያው ነፃ ቢሆንም ያው ነው። የፈቃዱ ክፍያ በጀቱ ላይ መጀመሪያ ይግባ።

አንድ አባል፦ የኔ ሐሳብ ስለ እናቶቻችንና አባቶቻችን ነው። ፊልሙ ሲከፈት መዋኛ ገንዳ ላይ የተንሳፈፈ ሬሳ እናያለን። ታሪኩን የሚተርክልን ያው ሟች ነው። እንግሊዝኛው ካልገባቸው ትረካው በሙሉ ያመልጣቸዋል። ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ይኑረው።

ጸሐፊ፦ ልክ ብለሻል እህቴ። ፈቃድ ስንጠይቅ ትርጉሙንም አብረን እንጠይቅ። የኔ ቅሬታ ረቂቁ ላይ ያለው «የሆሊውድ ወርቃማ ዘመን» የሚለው ርዕስ ነው። ለዚህ ፊልም አይሆንም። ፊልሙ የሚያወራው ሙያው ሰውን ተጠቅሞ እንዴት እንደሚጥል ነው። ተዋናዮቹን ብቻ እዩ። ኖርማን የምትጫወተው ግሎሪያ ስዋንሰን በድምፅ አልባው ዘመን ትልቅ ኮከብ ነበረች። የኖርማን አሽከር ማክስን የሚጫወተው ኤሪክ ቮን ስትሮሃይም ያኔ ስመ ጥር ዳይሬክተር ነበር። «ኩዊን ኬሊ» የተባለውን ፊልም ከስዋንሰን ጋር ሲሠራ መሃል ላይ ተባረረ። ኖርማ ሳሎኗ ውስጥ ቁጭ ብላ የድሮ ፊልሟን ስታይ፣ ሸራው ላይ ያለው የዚያው ፊልም ቁራጭ ነው። ፕሮጀክተሩ ጋ የቆመው ደግሞ ማክስ! ካርታ የሚጫወቱትም የድሮ ኮከቦች ናቸው። በስተር ኪተን አለበት፣ «ፓስ» ከማለት በቀር አይናገርም። ውይይቱ ከእነዚህ ሁለት ትዕይንቶች ይጀምር።

ወጣት አባል፦ 110 ደቂቃ፣ ያውም ጥቁርና ነጭ። ቁራጭ ቁራጩን ብናሳይስ?

ጸሐፊ፦ አይሆንም ወንድሜ። የኖርማ ነገር ቀስ እያለ ነው የሚገነባው። ቁራጩን ብቻ ያየ ሰው እብድ ናት ብሎ ይሄዳል።

አዛውንት አባል፦ ልጆቼ፣ እዚህ ከተማ የሚኖሩ የድሮ የመድረክና የፊልም ባለሙያዎች አሉን። ፊልሙ እንዳለቀ መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ። ለማስዋቢያ አትጥሯቸው። አበል ይመደብላቸው፣ መኪናም ይላክላቸው።

ሰብሳቢ፦ ጋሼ፣ ይህ እንዲያውም የዕቅዱ ዋና ነገር ይሁን። ትርጉሙን ደግሞ ለጥቂት ወላጆች ቀድመን እናሳይ። ዋይልደርም እንዲህ አድርጓል። የመጀመሪያው መክፈቻ ሬሳ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሬሳዎች የሚያወሩበት ነበር። ለሙከራ ሲታይ ሰው ስለሳቀ አወጣው። ረቂቁ አሁን እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ ፊልሙን ሳይቆረጥ፣ በፈቃድና በአማርኛ ትርጉም ያሳያል። ውይይቱን አንጋፋ ባለሙያዎች ይከፍታሉ፤ አበላቸው ከማኅበሩ ይከፈላል።» እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡበት።

ገንዘብ ያዥ፦ አበሉንና መኪናውን በጀቱ ላይ አስገብቻለሁ። የፈቃዱን ዋጋ ነገ እጠይቃለሁ።

ወጣት አባል፦ እሺ፣ ሙሉው ይታይ። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃ እኔ እተረጉማለሁ። አማርኛዬን የሚያርም አንድ ሰው ግን ስጡኝ።