«ንጉሠ ነገሥት» የራሳችን ነው ወይስ የተቀዳ?

ጠያቂ፦ «ንጉሠ ነገሥት» ከፋርስ የመጣ ማዕረግ ነው የሚሉ አሉ። ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ በፊት ቤሂስቱን ገደል ላይ ራሱን «የነገሥታት ንጉሥ» ብሎ አስቀርጿል። የእኛ የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ይህንን ማዕረግ ድንጋይ ላይ ያስቀረጸው በ4ኛው መቶ ዘመን ነው። ምን ትላላችሁ?

የሸዋ ልጅ፦ የተቀዳ ነው፣ አለቀ። ፋርሶችም ቢሆኑ አልጀመሩትም፣ አሦሮች ቀድመዋቸዋል። ደግሞ የዒዛናን ሳንቲም እዩ። እዚያ ላይ «የአክሱማውያን ንጉሥ» ብቻ ነው። ትልቁ ስም ድንጋይ ላይ ለመፎከር ነው።

ጣና፦ አልስማማም። ዒዛና ድንጋዩ ላይ ሒምያር፣ ሳባ፣ ቤጃ፣ ካሱ እያለ የሚገዛቸውን አገሮች ቆጥሯል። ደግሞ ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ ምን ሠራ የሚለው ይበልጣል። አፄ ዮሐንስ 4ኛን ተመልከቱ። በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ምኒልክ ገበሩላቸው፤ እሳቸውም የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጸደቁላቸው። በ1873 ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው በጎጃም አነገሡ። በዓመቱ ሁለቱ ነገሥታት እምባቦ ላይ ገጠሙ። ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። አፄ ዮሐንስ ታዲያ አሸናፊ ተሸናፊ ሳይሉ ሁለቱንም ቀጡ። ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ንጉሥ የሚሾም፣ ንጉሥ የሚቀጣ ማለት ይኼ ነው። ፉከራ አይደለም።

ኪዳን፦ «ኢምፐረር» ብለን መተርጎማችንም ይታሰብበት። ኢምፔራቶር የሮም ወታደሮች ድል ያደረገ አዛዣቸውን የሚያሞግሱበት ስም ነበር። ሮማውያን ንጉሥ የሚለውን ስም ራሱ ይጠሉት ነበር! የእኛው የተሠራው ከንጉሥ ላይ ነው።

የሸዋ ልጅ፦ ጥሩ፣ ዮሐንስን ተቀብያለሁ። በ1923 ዓ.ም. ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡስ? ከሥራቸው የትኛው ንጉሥ ነበር?

ጣና፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። በ1921 ተፈሪ ራሳቸው በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ሥር ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጭነው ነበር። ወደ ላይ ሲወጡ ግን ያንን ወንበር ለማንም አልሰጡም። አውቀው ነው፤ የክፍለ ሀገር ንጉሥ ምን ሊያመጣ እንደሚችል እምባቦ አሳይቷል። ልጆቻቸውን እንኳ አንዱን መርዕድ አዝማች፣ አንዱን መስፍን አሏቸው እንጂ ንጉሥ አላሏቸውም።