ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ፣ ዘይትም ይበላል፦ ቫልቭ ሲል ነው ወይስ ፋሻ?

ጥያቄ፦ መሪ ጨባጭ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቤንዚን ነው፤ 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ፣ በካቴና የሚሠራ። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ዘይት መብላት ጀምሯል። ሙሉ አድርጌ 1000 ኪሎ ሜትር ስነዳው መለኪያው ላይ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት አጠገብ ይደርሳል። ከሥሩ ጠብታ የለም፣ ውኃውም አልጎደለም።

ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ጠዋት ሳስነሳው ሰማያዊ ጭስ አንዴ ቡፍ ይልና ይጠፋል። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ይዤ ወርጄ እንደገና ቤንዚን ስሰጠውም እንዲሁ ያደርጋል። ዳገት ላይ ስረግጠው ግን አይጨስም፣ ጉልበቱም አልቀነሰም። አንድ መካኒክ «ሞተሩን አውርደን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ካልቀየርን አይድንም» አለኝ። ሌላው ወፍራም ዘይት አድርጊበት አለ። ሞተር ማስወረድ ቀላል ነገር አይደለምና ከመወሰኔ በፊት ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ጥቁር ሰማያዊ

ከሁሉ በፊት ፒሲቪ ቫልቩን አስፈትሺ። ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣውን ትንፋሽ ወደ ማኒፎልድ (ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ) የሚመልሰው እሱ ነው። ክፍት ሆኖ ከቀረ ዘይቱን አብሮ ይስባል፣ የሞተሩ ጸባይም የቫልቭ ሲል (ዘይት የሚይዘው ጎማ) ችግር ይመስላል። መቀየሩ ደቂቃዎች የሚፈጅ ሥራ ነው።

መልስ፦ የቴስታታ ሰው

ፒሲቪውን በተመለከተ ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ከእሱ ጀምሪ። እሱ ደህና ከሆነ ግን፣ እህቴ፣ ጭሱ መቼ እንደሚወጣ ሳይታይ ማንም ሞተርሽን እንዳያወርድብሽ። የጻፍሽው ራሱ ብዙ ይናገራል።

ቫልቩ የሚመላለሰው ጋይድ በምንለው ቱቦ ውስጥ ነው። ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል ላይ፣ ሁልጊዜ ዘይት ይረጫል። ያ ዘይት በቫልቩ ዘንግ ተከትሎ እንዳይወርድ የሚይዘው ጋይዱ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ትንሽ ጎማ፣ ቫልቭ ሲሉ ነው። ጥርቅም አድርጎ አይዘጋም፤ ዘንጉን የሚያረጥብ ስስ ዘይት ያሳልፋል። ሙቀት ለዓመታት ሲፈራረቅበት ግን እንደ ቀንድ ይደርቅና ዘንጉን መጨበጥ ይተዋል። ያኔ መኪናው ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ጠዋት ስታስነሺው ይቃጠላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግርሽን ከቤንዚን ስታነሺ ትሮትሉ (አየር የሚያስገባው በር) ይዘጋል፣ ሞተሩ ግን በማርሽ ተይዞ መዞሩን ስለሚቀጥል ማኒፎልዱ ውስጥ ኃይለኛ መሳብ ይፈጠራል። በመግቢያ ቫልቮቹ በኩል ዘይት የሚጠባው ያኔ ነው፤ መልሰሽ ስትረግጪው ይጨሳል።

የፋሻ ጸባይ ሌላ ነው። የሚጨሰው ጭነት ሲበዛበትና ዳገት ላይ ስትረግጪው ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቺ በኃይል ይተነፍሳል።

በግምት ግን አትሂጂ፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን የመጭመቅ ግፊት) አስለኪ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጁና ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ፣ ትሮትሉ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይለካ። ከዚያ በየሲሊንደሩ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካ። ዘይቱ ሲገባ ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ፋሻው ደክሟል። የቫልቭ ሲል ችግር በኮምፕሬሽን አይታይም። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ታችኛው የዘይት ፋሻ በካርቦን ተጣብቆ ኮምፕሬሽኑ ደህና የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያ ሲሆን ግን ጠዋት ብቻ ጨሶ አይተውም።

ወፍራም ዘይት ያለሽን አትስሚ። የደረቀ ጎማ በዘይት ውፍረት አይለሰልስም። ሞተርሽ ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ሰዓት በዘይት ግፊት የሚያስተካክል ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ትጨምሪያለሽ። እንዲሁ መተውም አያዋጣም፤ የሚቃጠለው ዘይት ካንዴላ ያበላሻል፣ ውስጡ ያለው ፎስፈረስም ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭስ ማጣሪያውን) ቀስ በቀስ ይገድለዋል።

መሪ ጨባጭ

እግዜር ይስጥልን። ፒሲቪው ደህና ነው። ኮምፕሬሽኑ አራቱም ላይ ከ12 እስከ 12.5 ባር ነው፣ ዘይት ሲጨመርበትም አልተለወጠም ማለት ይቻላል። የሁለቱ ሲሊንደሮች ካንዴላ ዘይት ነክቶታል። ታዲያ የእነዚህን የሁለቱን ሲል ብቻ ላስቀይር? ቴስታታውስ መውረድ አለበት?

የቴስታታ ሰው

አስራ ስድስቱም ይቀየሩ። የሁሉም ዕድሜ አንድ ነው፤ ሁለቱን ቀይረሽ የቀሩት ሲደርቁ ያንኑ ሥራ እንደ አዲስ ልትከፍቺው ነው። የመግቢያውና የማስወጫው ሲል በብዙ ሞተሮች ይለያያል፣ ብዙ ጊዜም በቀለም ይለያሉ። እንዳይቀላቀሉ። ሲገዛም ሙቀት የሚችል ቫይተን የሚባለው ጎማ ቢሆን እመርጣለሁ።

ቴስታታው የግድ አይወርድም። ካቴናው ምልክት ተደርጎበት ካምሻፍቶቹ (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች) ይነሳሉ። ካፖቻቸው (ከላይ የሚይዟቸው ክዳኖች) ቁጥርና አቅጣጫ ስላላቸው ወደየቦታቸው ይመለሱ፣ ብሎኖቹም በጥቂት በጥቂቱ ይፈቱ። የሚሠራበት ሲሊንደር ፒስተን ላይኛው ጫፍ ላይ ይደረግና በካንዴላው ቀዳዳ የኮምፕሬሰር አየር ይገባል። ቫልቮቹን ወደ ላይ የሚይዛቸው አየሩ ነው። ፒስተኑ ትክክል ጫፍ ላይ ካልሆነ አየሩ ሞተሩን በድንገት ሊያዞረው ይችላል፣ ስለዚህ እጅ ከዚያ አካባቢ ይራቅ። ኮምፕሬሰር ከሌለ አንዳንዶች ንጹሕ ገመድ በቀዳዳው አስገብተው ፒስተኑን በእጅ እያዞሩ ያስጠጋሉ፣ ይሠራል።

ከዚያ የቫልቩ ሞላ ተጨምቆ የሚይዙት ሁለቱ ትንንሽ መቆለፊያዎች በማግኔት ይወጣሉ። መካኒክሽ እዚህ ላይ እንዲጠነቀቅልሽ አጥብቀሽ ንገሪው፤ ከመጀመሩ በፊት ቴስታታው ላይ ያሉትን የዘይት መውረጃ ቀዳዳዎች ሁሉ በጨርቅ ይድፈን። አንዷ ቁራጭ በዚያ ከወረደች የማይፈለግ ሞተር መክፈት ይመጣል። አዲሱ ሲል ሲገባ የቫልቩ ጫፍ ላይ ስስ የፕላስቲክ መከላከያ ይደረጋል፣ ካልሆነ የመቆለፊያው ጎድጓዳ የሲሉን ከንፈር ይቆርጠዋል። ከሲሎቹ ጋር የሚመጣውን መከላከያ የሚጥሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ አዲሱ ሲል ገና ከመጀመሪያው ቀን ያፈሳል። ከንፈሩ ዘይት ይነካ፣ በልኩ ባለ ቱቦ ቀጥ ተደርጎ እስኪቀመጥ ይገፋ።

ሲሎቹ በወጡበት ሰዓት ሌላም የሚታይ ነገር አለ። አየሩ ሲለቀቅ ቫልቩ ትንሽ ወርዶ ፒስተኑ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ጎን ለጎን ይወዝወዝ። በግልጽ ከተላወሰ ጋይዱ ተበልቷል፣ የተበላ ጋይድ ላይ አዲስ ሲል አይቆይም። ቴስታታው መውረድ ያለበት ያኔ ነው። አጠገቡ ቆመሽ አሳየኝ በዪው፣ መብትሽ ነው።

የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አዲስ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ቢጨስ አትደንግጪ፣ ጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረው ዘይት እስኪያልቅ ነው። ከዚያ ሙሉ አድርገሽ፣ ሜዳ ላይ አቁመሽ፣ ሞተሩ ጥቂት ካረፈ በኋላ ለኪ፤ 1000 ኪሎ ሜትር ላይም በዚያው ሁኔታ ደግመሽ ለኪና ልዩነቱን እዚሁ ጻፊልን።